ጣልቃ መግባት ክልክል ነው

እናቴ ዶክተር ካደረገችኝ ቆይታለች። ዩኒቨርሲቲው ገና አላደረገኝም እንጂ እሷ ደሴ ያለውን ሰፈራችንን ዞራ «ልጄ ዶክተር ሆናለች» ብላ ጨርሳለች። እረፍት ወጥቼ ቤት ስገባ ጎረቤቶቻችን ወገባቸውን እየያዙ ይመጣሉ። «የእኔ የትምህርት ነው እንጂ የሕክምና አይደለም፤ እሱም ገና አላለቀም» ስላቸው አንዲት ባልቴት «ቢሆንም፣ እስቲ ንኪልኝ» ብለው ጀርባቸውን አዞሩልኝ። ነካሁላቸው። ምን አደርጋለሁ? ይባስ ብላ እናቴ ለምርቃቴ የሚታረድ በግ ገዝታ ጓሮ አስራ መቀለብ ጀመረች። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ «አለቀ?» ትለኛለች፣ ቀጥላ የበጉን ውፍረት ትነግረኛለች።

አላለቀም ነበር። ጥናቱ አንዴ ተራዘመ፤ ደግሞ ተራዘመ። በመጨረሻ አማካሪዬ፣ ጡረታ የተቃረቡ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ትልቅ ሰው፣ ቢሯቸው ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። «ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም። እኔ ራሴ ብልባላ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቼ አያለሁ። ልጆቹ የገነቡት ነገር ካለ ትጽፊያለሽ። ከሌለ ጥናቱን እንዘጋዋለን» አሉኝ። ከተዘጋ እኔ ዶክተር አልሆንም ማለት ነው። የራሴን እንኳ እችለው ነበር። እናቴ ግን ያን የሚያህል በግ ይዛ ሰፈሩን ምን ልትለው ነው? በዚህ ጭንቀት ወደ ላስታ ተመለስኩ።

ጥናቱ እንዲህ ነው። ዕውቀት ከጄሪካን ወደ ጄሪካን እንደሚገለበጥ ውሃ ከመምህር ወደ ተማሪ አይገለበጥም፤ ተማሪው ራሱ ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ፣ እየሞከረና እየተሳሳተ ይገነባዋል የሚል ሐሳብ አለ። የሙያው ሰዎች ኮንስትራክቲቪዝም ይሉታል። የእኔ ጥያቄ ታብሌት ለዚህ ነገር ይረዳል ወይ የሚል ነበር። በታብሌቶቹ ላይ አንድ መተግበሪያ ተጭኗል፤ ልጆቹ ግራጫ ድንጋይ በጣታቸው እየነኩ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድረው የፈለጉትን ይሠሩበታል። በቡድን ሆነው ሲሠሩ ርዝመትን፣ ስፋትንና ይዘትን ማንም ሳይነግራቸው ይደርሱበታል። መምህሩ ዝም ይላል። ተመራማሪዋም ዝም ትላለች።

ተመራማሪዋ እንግዲህ እኔ ነኝ። በቤተሰባችን እኔ ዝም ያልኩበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የለም። አባቴ በሕይወት ሳሉ «ይቺ ልጅ ተኝታም ትከራከራለች» ይሉ ነበር። ከሰው ሁሉ እኔ ስለ ዝምታ ማጥናቴ የእግዜር ቀልድ ነው።

የምኖረው ላሊበላ ነበር፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነውና። ጠዋት ጠዋት የብልባላ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሞልቷል» እያለ ይጮኻል፤ ውስጥ ያለነው እኔና አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ብቻ ነን። ከተከራየሁበት ቤት አጠገብ የሚኖር አንድ አስጎብኚ ስወጣ ስገባ እያየ ይገረማል። «እህቴ፣ ይህን ያህል ጊዜ እዚህ ተቀምጠሽ አንድ ቀን እንኳ ቤተ ክርስቲያኖቹን ወርደሽ አላየሽም?» አለኝ። «በተማሪነቴ ለጉብኝት መጥቼ አይቻቸዋለሁ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት። «ፈረንጁ ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ አንቺ አስፋልት ማቋረጥ አቃተሽ?» አለኝ። «የትም አይሄዱ!» አልኩና ወደ ሚኒባሴ ሮጥኩ። ከደረስኩ በኋላ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ተቀመጥኩ።

ትምህርት ቤቱ ብልባላ ዳር ላይ ነው። ወንበሮቹ በክፉው ጊዜ ማገዶ ሆነው ስላለቁ ልጆቹ የሚቀመጡት በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ነበር። የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ወጣት ነው፤ የአገሩ ልጅ፣ ድቁና የተቀበለ፣ በልጅነቱ አኩፋዳ ተሸክሞ የተማረ። ድምፁ አይሰማም። እኔ የምናገረው ሁሉ ከሱ ጋር ሲነጻጸር ጠብ ይመስላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስለ ዝምታ አሠለጠንኩት። ራሴ የጻፍኩትን መመሪያ ሰጠሁት፤ ገና ከላይ በደማቅ ፊደል «ጣልቃ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ለሱ ከባድ ነበር። እሱ ባደገበት የቆሎ ትምህርት ቤት ተማሪ አንዲት ቃል ቢስት የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ኧኸ!» ብለው ይመልሱታል እንጂ አያልፉም።

«ሲሳሳቱ እያየሁ ዝም ልበል?» አለኝ።

«ዝም በል።»

«ኀጢአት አይሆንብኝም?»

«ዳታ ነው የሚሆነው!»

አሰበበት። «ተማሪ ብቻ ነው ወይስ ማንም ቢሆን?» አለኝ።

«ማንም ቢሆን! የተሳሳተ ሰው ራሱ ይድረስበት። ከነገርከውማ ምኑን ተማረው?»

«እሺ» አለ። «ዝም አይነቅዝም።»

ይህችን ተረት ያኔ በጣም ወደድኩለት።

ልጆቹንም በዚያው መንፈስ ተቀበልኳቸው። «መልሱን እኔ አውቀዋለሁ። ግን አልነግራችሁም። ራሳችሁ እስክትደርሱበት እጠብቃለሁ» አልኳቸው። መልሱን እያወቀ የሚደብቅ አስተማሪ አይተው አያውቁም። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ረዥም ልጅ፣ አባቷ በአካባቢው ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈን አድርጋ «ብንቆይብዎትስ ቲቸር?» አለችኝ። «የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ» አልኳት። ማራዘሚያዬ እያለቀ ለዚህ ሁሉ ሰው ጊዜ አደልኩ።

ሥራው የአካባቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ መሥራት ነው። ይህን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በጥናቱ ዕቅድ ላይ «ከተማሪዎቹ ሕይወት ጋር የተገናኘ» ብዬ ጽፌ አማካሪዬ በቀይ «ጥሩ» ብለውበታል። አሠራሩን አሳየሁ። «ጨምር» የሚለውን ትነካላችሁ፣ ድንጋይ ይመጣል። «አጥፋ» የምትለዋ ለስህተት ናት። «ሙላ» የምትለዋን እርሷት፣ ቦታውን ሁሉ በድንጋይ ትሞላዋለች። «ከታች ወደ ላይ ነው የምትገነቡት፤ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ከዚያ ጣሪያ» አልኩ። አዎ፣ እንደማልነግራቸው ተናግሬ ነበር። ይኼ መንገር አይደለም፣ ማስጀመር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ከዚያ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። በእኔ አሠራር ተመልካች ከኋላ ይቀመጣል፣ ልጆቹ ሲሠሩ ታብሌት አይነካም፤ ከነካ ዳታው ይበላሻል።

ልጆቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩ። አንዷ እጇን ሰነዘረች። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆነ። «ሙላ»ን ነክታዋለች! ቀጥሎ ያለውም ቡድን ግራጫ። ሁሉም ግራጫ። ከዚያ ሹክሹክታ፤ ረጅም ሹክሹክታ፤ አንድ ጊዜ ነካ። ደግሞ ሹክሹክታ፤ ነካ። ክፍለ ጊዜው እንዲህ አለቀ። ከኋላ ሆኜ በተጋጠሙት ራሶቻቸው መሐል የማየው ያንኑ ግራጫ ነው።

ብልባላ ላይ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ መተግበሪያው ሥዕል አይልክም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው። አንድ በአንድ የተጨመረውን ድንጋይ «የተገነባ» ይለዋል፣ የተወገደውን «የጠፋ» ይለዋል። ላሊበላ ስመለስ ስልኬ ላይ ሪፖርቱ ገባ። የተገነባ፦ ባዶ። የጠፋ፦ እልፍ። ይኸው ሪፖርት እኩል ለአማካሪዬም ይደርሳል። አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ከእሳቸው ዝምታ የሚብስ ነገር የለም።

መጀመሪያ ጨዋታ ነው፣ ይወጣላቸዋል አልኩ። አልወጣላቸውም። ቀን በቀን ግራጫ፤ ቀን በቀን የተገነባ ባዶ። ከዚያ ዕቃው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የመተግበሪያውን ባለሙያ በስልክ ለማግኘት፣ ከክፍል በኋላ አንዱን ታብሌት ይዤ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ኔትወርክ ካለ እዚያ ነው። «ስክሪኑ ግራጫ ሆኗል» አልኩት። «አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ግራጫ። ሶላሩ ይሆን ብዬ ጣሪያው ላይ ባይ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጌሾ አስጥተውበታል።

«ምነው አባባ! ይህ እኮ ሶላር ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ፀሐዩ ጠንቶበት እንዳይቃጠል ጋረድኩለት እንጂ» አሉኝ፣ እንዳመሰግናቸው እየጠበቁ።

ጌሾው ተነሣ። ታብሌቱ ቻርጅ ሞላ። ግራጫው ግን እንዳለ ነው።

አንድ ቀን ከጉብታዋ ስወርድ የረዥሟ ልጅ አባት፣ ቄሱ፣ ከክፍል ሲወጡ አገኘኋቸው። የወላጅ ኮሚቴ አባል ስለሆኑ ብቅ እያሉ ያያሉ። እያማተቡ ነው። «ድንቅ ነው!» አሉኝ። «እንዲያው ድንቅ ነው! ልጆቹ ገብቷቸዋል።» ከዚያ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን እየዳሰሱ «አንቺም በርቺ ልጄ። ይገለጥልሻል» አሉኝ።

«አሜን አባ» አልኩ። ለግራጫ ስክሪን «ድንቅ ነው» የሚል ሰው ተስፋ የቆረጠን ማጽናናት የለመደ ሰው ነው ብዬ፣ ጥጉ ላይ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ።

በማግስቱ ግን ለቅሶው ወደ ንዴት ዞረ። የኔ ለቅሶ መቼም ሳያድር አይዞርም። ተነሥቼ ከፊት ቆምኩ። ዝምታውም፣ ከኋላ መቀመጡም ገደል ይግባ!

«ምንድን ነው የምትሠሩት? ለምንድን ነው የምታጠፉት? ማጥፋት ጨዋታ ነው? ስንት ታብሌት ከስንት አገር ተጭኖ መጥቶላችሁ!» አልኩ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ።

ረዥሟ ልጅ ብድግ አለች። «እየሠራን ነው ቲቸር።»

«ምኑን? እኔ የማየው ግራጫ ነው!»

ልጅቱ የሒሳብ መምህሩን አየች። የሒሳብ መምህሩ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየ። «አዎ፣ ድንጋይ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ድንጋይ መሆኑንማ አውቃለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ማጥፋት የለም። ገንቡ!»

«ሳይጠፋ እንዴት ይሠራል?» አለች።

«በመጨመር ነዋ! በመጨመር!»

«እሺ ቲቸር» አሉ በአንድ ድምፅ። በላስታ ልጅ ለታላቅ «እንዲህ አይደለም» አይልም፤ ነውር ነው። «እሺ» ይላል፣ ያውም ከልቡ። ተመካከሩ። የረዥሟ ልጅ ቡድን «ጨምር»ን ነካና በዚያ ሁሉ ግራጫ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ጉብ አደረገ። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው አዩኝ። እኔም «ጎሽ!» አልኩ።

ሪፖርቱ ገባ። የተገነባ፦ አንድ።

አታምኑኝም፣ ደስ አለኝ። ለእናቴ ደወልኩላት። «ዛሬ አንድ ድንጋይ ተገነባ» አልኳት። «አብሽሪ ልጄ፣ ድንጋይ ባንዴ አይነሣም» አለችኝ። በጉ ግን ከመወፈሩ የተነሣ መነሣት እንዳቃተው ነገረችኝ።

እና ያ የፈራሁት ቀን መጣ። አማካሪዬ በአውሮፕላን መጡ። ሄጄ ተቀበልኳቸው። ገና ከመኪናው ሳንገባ «ላሊበላ መጥቼ ሳልሳለምማ አላልፍም፤ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ» አሉኝ። ሞቴን ቶሎ ልጨርሰው ፈልጌ «ዶክተር፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ የትም አይሄዱም፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው» አልኳቸው። አጉረመረሙና እሺ አሉ። መንገዱን ሁሉ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ሶላሩና ስለ ጌሾው አስረዳኋቸው። ብልባላ እስክንደርስ አንድ ጊዜ ነው የመለሱልኝ፤ እሱም «መስኮቱን ዝጊው፣ አቧራ ገባ» ለማለት ነበር።

ክፍል ስንገባ ልጆቹ ብድግ አሉ። የሒሳብ መምህሩ ጥግ ላይ ቆሟል። አማካሪዬ የመጀመሪያውን ታብሌት ጎንበስ ብለው አዩ። ግራጫ። ሁለተኛውን አዩ። ግራጫ፣ አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ጉብ ያለችበት። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አለቀልኝ አልኩ። እናቴ ታየችኝ፣ በጉ ታየኝ፣ ወገባቸውን የያዙት ባልቴት ታዩኝ።

«ዶክተር፣ ነገሩ እንዴት መሰለዎት...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሡ። «አንቺን አይደለም» አሉኝ። ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከረዥሟ ልጅ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አባባ።»

«እኔ አላየሁትም» አሉ።

እና ዝም አሉ። ዝም ብለው ጠበቁ። እኔም እኮ ጠይቄያቸው ነበር። ልዩነቱ እኔ ጠይቄ ሳበቃ ሌላ ሰው እንዲናገር ቦታ አልሰጥም። ልጅቱ የሒሳብ መምህሩን አየች፤ እሱ ያንኑ ቆርቆሮውን ያያል።

«ከፊት ለፊት አይታይም» አለች በመጨረሻ፣ ነጠላዋን ከአፏ ሳታነሣ። «ዳሩ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ነው የሚታየው። ስንፈለፍል እናጋድመዋለን፣ ስንጨርስ መልሰን እናቆመዋለን።» ሁለት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ሳብ አደረገችው። ግራጫው ድንጋይ ጋደል አለ፣ ሆዱም ታየ።

ለካ ኮረብታ ነበር። መሐሉ ወደ ታች ተፈልፍሎ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ወጥቶለታል፤ በቦዩ መካከል፣ ከሥሩ ሳይነቀል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል። በር አለው። መስኮት አለው። በበሩ ገብተው ውስጡን ባዶ አድርገውታል፤ ዓምዶቹን ትተው ሌላውን ጠርበው አውጥተውታል። ለዝናቡ መውረጃ ቀደውለታል። ከኮረብታው ጀርባ፣ ከግርጌው፣ ምእመኑ የሚገባበት ዋሻ አለ። ጣራው ከኮረብታው አናት ጋር እኩል ነው። ታዲያ ከጎን የሚያየው ሰው ምን ያያል? ግራጫ!

«ኧረ በላሊበላ!» አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ታሪክ ይመዝግብልኝ፣ ዝም አልኩ።

አማካሪዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ፀጉራቸውን አይቼው አላውቅም፤ ለካ የለም። «ስንት ድንጋይ አወጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። የቡድኗ ልጆች ሁሉም ባንድ አፍ ቁጥሩን ተናገሩ። «በምን አወቃችሁት?» አሉ። ረዥሟ ልጅ የጉድጓዱን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት አባዝታ ይዘቱን አገኘች፤ መሐሉ ላይ የቆመውን ቤተ ክርስቲያን ቀነሰች፤ መውረጃውንና ዋሻውን ደመረች፤ ዓምዶቹን ረስታ ነበርና ከኋላ «ዓምዶቹስ?» ብለው ጮኹባት፣ አስተካከለች። ከመነካቱ በፊት ለምን ያን ያህል እንደሚንሾካሾኩ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ አስረዳ። ድንጋይ አንዴ ከተፈለፈለ ተመልሶ አይገጠምም። ስለዚህ በስህተት ያወጡትን መልሶ ማስገባት የለም ተባብለዋል፤ የሳተ ቡድን አዲስ ኮረብታ ሞልቶ ከአናቱ ይጀምራል። ይህን ሕግ ማንም አላወጣላቸውም።

«ይህችስ?» አሉ አማካሪዬ፣ አናቱ ላይ ጉብ ያለችውን ድንጋይ እያሳዩ። «ይህች የምን ናት?»

ልጆቹ ተያዩ። «እሷ የቲቸር ናት» አለ አንዱ በአክብሮት።

አማካሪዬ ሳቃቸውን ለመዋጥ መሐረብ አወጡ፤ አልበቃቸውም። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሳሉ፤ ውሃ ይምጣ ተባለ። ሲረጋጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ላሊበላ ድረስ መጥተሽ፣ የተደረደረ ድንጋይ የሚቆጥር መሣሪያ!» አሉኝ። «ስንት ወር እዚያ ኖረሻል? አንድ ቀን እንኳ ዳሩ ላይ ቆመሽ ቁልቁል አላየሽም?» አስጎብኚው ትዝ አለኝ።

ቀጠሉ። የጻፍኩት የውጤት ምዕራፍ ሁሉ ይጣላል። ቁጥሩ ይጣላል። ልጆቹ ከሚያውቁት ተነሥተው እንዴት እንደ ደረሱበት ከሥሩ ይጻፋል። «ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም ብዬሽ ነበር» አሉ። «አለ። እኔ ራሴ አስፈቅድልሻለሁ።»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ማራዘሚያው ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ የበጉም ዕድሜ ተራዘመ።

አማካሪዬ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሶላሩን ሊያዩ ወጡ። እኔ ወዲያው ወደ ሒሳብ መምህሩ ዞርኩ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ» አለ በዚያ በማይሰማ ድምፁ።

«እና ስቃጠል ዝም ብለህ ታየኛለህ? አንተ ሰው፣ እግዜርን አትፈራም?»

«ስለ ኀጢአቱ እኮ ጠይቄዎት ነበር» አለኝ። ደረት ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ የያዘውን መመሪያዬን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ጣልቃ መግባት ክልክል ነው። «ተማሪ ብቻ ነው ወይስ ማንም ቢሆን ስልዎት፣ ማንም ቢሆን አሉኝ። ከነገርከውማ ምኑን ተማረው አሉኝ። በጣም ነው የከበደኝ። እርስዎ በተሳሳቱ ቁጥር ‘ኧኸ’ ልል እየዳዳኝ ቆርቆሮውን አይ ነበር።»

ምን ይባላል? የጻፍኩት እኔው ነኝ። ወደ ረዥሟ ልጅ ዞርኩ፤ ቢያንስ እሷ ላይ መጮኽ እችላለሁ ብዬ።

«አንቺስ? አባትሽ አይተውታል፤ መምህርሽ አይቶታል። እኔ ብቻ ስቀር ለምን አትነግሪኝም?»

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሙሉ አየሁት፤ ምንም ተንኮል የለበትም።

«ቲቸር፣ እርስዎ መልሱን እያወቁ የማይነግሩን ራሳችን እንድንደርስበት ነው ብለውን ነበር። እኛም ስናይዎት በጣም ይደክማሉ። አንዳንዶቻችን እንንገራቸው፣ አሳዘኑን አልን። ሌሎቻችን ደግሞ አይሆንም፣ ከነገርናቸው ትምህርቱ ይበላሽባቸዋል አልን። ስለዚህ ጠበቅንዎት።»

«እስከ መቼ ልትጠብቁኝ ነበር?» አልኳት። ጩኸቱ ከየት እንደሄደ እንጃ፣ ድምፄ እንደ ሒሳብ መምህሩ ሆኖ ወጣ።

ጓደኞቿን ዞር ብላ አየች፤ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

«እስኪደርሱበት ነዋ» አለችኝ። ከዚያ፣ ልቤ እንዳይሰበር መሰለኝ፣ እኔ ራሴ ከኋላ ለቀረ ተማሪ በምናገርበት ድምፅ ጨመረችልኝ። «ትንሽ ዘገዩ እንጂ፣ ደርሰዋል።»